ስማቸው በ«ፕሪል» ስለሚያልቅ የግፊት ኪኒኖች፦ ደሴ ላይ በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች

የምሠራው ደሴ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በመስኮቱ ከሚቀርቡልኝ ማዘዣዎች ብዙዎቹ የግፊት ናቸው። ከእነሱ መካከል ኢናላፕሪል የተጻፈበት አይጠፋም። ኪኒኑን ቆጥሬ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብዬ ማሸጊያው ላይ እጽፋለሁ። ከኋላ ሰልፍ አለ። ጥያቄ ያለው ሰው ሰልፉን ያይና ዝም ብሎ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው ሳል ሲጠናበት ነው፤ ወይ ደግሞ ኪኒኑን በራሱ ካቆመ ከወር ከሁለት ወር በኋላ። እዚህ የጻፍኩት ሰልፍ ባይኖር ኖሮ ቁጭ ብዬ የምመልሰውን ነው። የእርስዎን ምርመራ የሚያውቀው ሐኪምዎ ስለሆነ መጠን መቀየርና ማቆም የእሱ ውሳኔ ነው።

«ፕሪል» የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ካፕቶፕሪል፣ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ራሚፕሪል፣ ፔሪንዶፕሪል። ስማቸው በ«ፕሪል» ካለቀ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እኛ ጋ በብዛት የሚታወቀው ኢናላፕሪል ነው። ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ሚሊ ግራም እየሆነ ይመጣል። የቤተሰቡ የሕክምና ስም ኤሲኢ ኢንሂቢተር ነው። ኤሲኢ የሚባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ ለማለት ነው። ኢንዛይሙ ምን እንደሚሠራ ከታች አለ።

ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምንድን ነው የሚያደርገው?

እናቶቻችን በሽታውን «ደም ብዛት» ይሉታል። ሐኪሙ «ደም ግፊት» ይላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ስም ስሕተት ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን መድኃኒት ሳስረዳ ሁለቱንም ስሞች እጠቀማለሁ። ኢናላፕሪል የሚሠራው ሁለት ቦታ ነውና። የጠበበውን የደም ሥር ያላላል። ሰውነት ያጠራቀመውን ትርፍ ጨውና ውሃም ይቀንሳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከኩላሊት ነው። ኩላሊት ደም አጣርቶ ሽንት ከማውጣት ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ የሚደርሰውን ደም ይከታተላል። ደሙ ሲያንሰው ወይም ግፊቱ ሲወርድበት ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል። ጉበት ደግሞ አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባል ፕሮቲን እየሠራ ደም ውስጥ ያኖራል። ሬኒን ይህን ፕሮቲን ይቆርጠውና አንጂዮቴንሲን አንድ ይሆናል። አንጂዮቴንሲን አንድ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ጉልበት የለውም። ደሙ በሳንባ ሲያልፍ ግን ኤሲኢ ያገኘዋል። ኤሲኢ በደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ በተለይ በሳንባ ውስጥ፣ በብዛት ይገኛል። ከአንጂዮቴንሲን አንድ ጫፍ ላይ ጥቂት ቆርጦ አንጂዮቴንሲን ሁለት ያደርገዋል። ጉልበተኛው ይሄ ነው።

ግቢ ውስጥ በጎማ አትክልት ያጠጣ ሰው የሚቀጥለውን ቶሎ ይረዳዋል። የጎማውን አፍ በጣት ጫን ሲያደርጉት ውሃው ይስፈነጠራል። ቧንቧውን ከመነሻው ይበልጥ ሲከፍቱትም ይስፈነጠራል። አንጂዮቴንሲን ሁለት ሁለቱንም ያደርጋል። የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ይህ «ግፊት» ነው። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው አድሬናል እጢም አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋል። አልዶስቴሮን ኩላሊትን «ጨውና ውሃ አታስወጣ» ይለዋል። በደም ሥር ውስጥ የሚሄደው ፈሳሽ ይጨምራል። ይህ ደግሞ እናቶቻችን «ብዛት» ያሉት ነው።

ኢናላፕሪል ኤሲኢን ይይዘዋል። አንጂዮቴንሲን አንድ ሁለት ሳይሆን ይቀራል። ጣቱ ከጎማው አፍ ይነሳል፣ ቧንቧውም ትንሽ ይዘጋል።

«ታዲያ ሰውነታችን ራሱን የሚጎዳ ነገር ለምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህ ሥርዓት ደም ለፈሰሰው ወይም በተቅማጥ ውሃ ላለቀበት ሰው ሕይወት አዳኝ ነው። ችግር የሚሆነው ሳያስፈልግ ሲሠራ፣ ዓመት ከዓመትም ሳያቋርጥ ሲገፋ ነው።

ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ያስለኛል። ከመድኃኒቱ ነው ወይስ ከደሴ ብርድ?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ በዚህ ላይ ጊዜ ብንወስድ ደስ ይለኛል።

አንዲት እናት አሉ። ከገራዶ በኩል ነው የሚመጡት። ሦስት ወር ሙሉ ሳሉ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባሉ። ከዚያ የሳል ሽሮፕ ገዙ። ቀጥሎ ሰው መክሯቸው አንቲባዮቲክ ዋጡ። ዝንጅብሉ፣ ማሩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አልቀረም። ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ይቀመጣሉ። ከመድኃኒቱ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። እኔም ሁለት ጊዜ ሽሮፕ ሸጬላቸዋለሁ። በሦስተኛው ነው «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ የጠየቅኳቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የኢናላፕሪሉን ማሸጊያ አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳል ብሎ የመጣን ሰው «ግፊት አለብዎት?» ሳልል ሽሮፕ አልሰጥም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤሲኢ ሌላም ሥራ አለው። ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር እየሰባበረ ያስወግዳል። ኤሲኢ ሲታገድ ብራዲካይኒን በአየር መተላለፊያው አካባቢ ይጠራቀማል። ጉሮሮን ይኮረኩራል። ሳሉ ደረቅ ነው፤ አክታ የለውም። ማታ ጋደም ሲሉ ይብሳል። ከ100 ተጠቃሚ ከ5 እስከ 20 የሚሆኑት ላይ እንደሚታይ በብዛት ይጠቀሳል። ሴቶች ላይ ይበረታል። አንዳንዱን በሳምንት ውስጥ ይጀምረዋል፣ አንዳንዱን ከወራት በኋላ። ሰውን ግራ የሚያጋባው ይህ መዘግየቱ ነው።

የሳል ሽሮፕ አይነካውም። የሚሻለው መድኃኒቱ ሲቀየር ነው። ከተቀየረ በኋላ በብዛት ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከ ሦስት ወር የሚቆይበትም ሰው አለ። ስለዚህ በአራተኛው ቀን «አልተወኝም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ሐኪሙ በብዛት የሚቀይረው ወደ ሎሳርታን ነው። ሎሳርታን ኤሲኢን አይነካም። አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚዘጋው። ብራዲካይኒን እንደ ወትሮው ይወገዳል፣ ሳሉም ይቀራል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ኢናላፕሪሉን በራስዎ ጥለው ባዶ እጅዎን አይቀመጡ፤ ሌላው እስኪታዘዝ ሐኪሙን ያናግሩ። ሁለተኛ፣ ሳል ሁሉ ከኪኒን አይደለም። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ትኩሳት፣ ላብ፣ መክሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለማ ቀን አይቆጠርም፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ነው።

ከእባብ መርዝ ነው የተሠራው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መነሻው አዎ፣ ኪኒኑ ግን አይደለም። ብራዚል ውስጥ ጃራራካ የሚባል መርዘኛ እባብ አለ። የነደፈው ሰው ግፊቱ በኃይል ይወርዳል። ሰርዢዮ ፌሬይራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ መርዝ ውስጥ የብራዲካይኒንን ኃይል የሚጨምር ነገር አገኘ። ያ ነገር ኤሲኢንም እንደሚያግድ ታወቀ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ ስኩዊብ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ኩሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ ያንን አርአያ አድርገው በላቦራቶሪ ካፕቶፕሪልን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። ዛሬ የምንሸጠው ኪኒን ውስጥ የእባብ ነገር የለም። ሙሉ በሙሉ በፋብሪካ የሚሠራ ነው።

ግፊቴ 120 በ80 ሆኗል። አሁን ማቆም እችላለሁ?

አይቆምም። ይህን መልስ ስሰጥ የሰው ፊት ሲጠቁር አያለሁ፤ ስለዚህ ላስረዳ።

እኛ ደሴዎች ዳገት ላይ ነው የምንኖረው። ከቤታችን በላይ ያለው አፈር በክረምት እንዳይናድብን የድጋፍ ግንብ እንሠራለን። ክረምቱ አልፎ አፈሩ ካልተናደ «ግንቡ አላስፈለገም ነበር» ብሎ የሚያፈርስ ሰው የለም። አፈሩ ያልተናደው ግንቡ ስላለ ነው። 120 በ80 የሆነውም ኪኒኑ ስላለ ነው።

ኢናላፕሪል እንደ ወባ መድኃኒት በሽታውን ጨርሶ የሚያስወጣ አይደለም። ኤሲኢን የሚያግደው ደም ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። አንድ ቀን ከዘለሉ ሰውነት አንጂዮቴንሲን ሁለትን እንደገና ያመርታል። ግፊቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የሚከፋው ሲመለስ አይታወቅም። ራስ ምታት የለም፣ ማዞር የለም። «ሲነሳብኝ እውጠዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ግፊት ግን እንደ ጨጓራ አይነሳም። ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፤ ልብ ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ ዐይን ላይ፣ አንጎል ላይ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ተቋርጦበታል። የሚሸጥበት ቦታ አልነበረም፣ የሸሸውም ማዘዣውን ቤቱ ጥሎ ነው የሸሸው። ያ አማራጭ የታጣበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ኪኒኑ ከመስኮቱ ኋላ እያለ ሰው በራሱ ሲያቋርጥ ማየት ያመኛል።

ጸበል የጀመሩ፣ ዱዓ የተደረገላቸው ሰዎችም አንዳንዴ ያቆማሉ። እምነትዎ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካውም። ጸበሉንም ዱዓውንም ኪኒኑን ሳያቋርጡ ማስኬድ ይቻላል። ክብደት የቀነሰ፣ ጨው የተወ፣ በደንብ የሚንቀሳቀስ ሰው መጠኑ የሚቀነስለት ጊዜ አለ። ያንን ግን በተከታታይ ለክቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ጎረቤቴ አምሎዲፒን ተሰጣት። ለእኔ ለምን ኢናላፕሪል ሆነ?

ጥቁር ሕዝብ ላይ በተደረጉ ጥናቶች «ፕሪሎች» ብቻቸውን ሲሰጡ ግፊትን የማውረድ ኃይላቸው አነስ ይላል። አንዱ ምክንያት ብዙዎቻችን የሬኒን መጠናችን ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ 6 አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ክሪኦል የተባለ ጥናት አለ። ሁለት ሁለት መድኃኒት አጣምሮ አወዳደረ። አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች፣ አንዱ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር፣ ሌላው ከፔሪንዶፕሪል ጋር፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምረት የተሻለ ግፊት አወረዱ። ስለዚህ ሌላ ችግር የሌለበት ሰው በአምሎዲፒን ወይም በሽንት አሸኚው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቢጀምር ትክክል ነው። ፕሪሉ በላያቸው ሲጨመር ደግሞ ጥሩ ይሠራል። አምሎዲፒን የሚያመጣውን የእግር እብጠትም ያቀልላል።

ለእርስዎ ኢናላፕሪል የተመረጠው ምናልባት ስኳር ስላለብዎት፣ ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን ስለታየ፣ ወይም ልብዎ ስለደከመ ይሆናል። እነዚህ ላይ ፕሪሎች ግፊት ከማውረድ ያለፈ ጥቅም አላቸው። ኮንሰንሰስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ጥናት ልባቸው እጅግ የደከመ 253 ሰዎችን ተከታተለ። ኢናላፕሪል የተሰጣቸው ላይ የስድስት ወሩ ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ «የእሷ ይሻላል፣ የእኔ ይሻላል» የሚያሰኝ ነገር የለም። ሐኪምዎን «ለምን ይህን መረጡልኝ?» ብሎ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው።

ኩላሊት ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

ለብዙ ሰው እንዲያውም ጠባቂ ነው። ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን ቀጭን የደም ሥር ያላላል። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይረግባል። በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን ይቀንሳል። የስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት የሚደክመው በዚያ ግፊት ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወሬው የመጣው ከደም ምርመራ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ሲጀመር የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን የሚባል ቁጥር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ከመነሻው እስከ 30 በመቶ ያህል ከፍ ቢልና እዚያው ቢቆም ብዙ ጊዜ አያሳስብም። ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል። የሁለቱም ኩላሊቶች የደም ሥር የጠበበበት ሰው ለምሳሌ ይህ መድኃኒት አይስማማውም። ለዚህ ነው ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የኩላሊትና የፖታሺየም ምርመራ የሚታዘዘው። «ደህና ነኝ» ብለው ምርመራውን አይዝለሉት።

ሙዝ መብላት ይከለከላል?

ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ ይብሉ። ሙዝ ፖታሺየም የሚባል ማዕድን አለው፤ አልዶስቴሮን ሲቀንስ ፖታሺየም ሰውነት ውስጥ ይቀራልና፣ መጠንቀቅ ያለበት ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን ሽንት አሸኚ አብሮ የሚወስድ ሰው ነው። «ለግፊት የሚሆን ጨው» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ካጋጠመዎት ግን ጀርባውን ያስነብቡ። ብዙዎቹ በሶዲየም ፈንታ ፖታሺየም ያለባቸው ናቸው። ከፕሪል ጋር አይሄዱም።

በረመዳንና በጾም እንዴት ልውሰደው?

ኢናላፕሪል ከምግብ በፊትም በኋላም ይወሰዳል፤ ምግብ አያግደውም። (ካፕቶፕሪል ግን ምግብ ይቀንሰዋል፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው።) ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። በቀን አንዴ የሚወስድ ሰው በኢፍጣር ወይም በሱሁር አንዱን ሰዓት ይዞ ወሩን ሙሉ በዚያው ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ የታዘዘለት በሁለቱም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም እንዲሁ ከጾሙ ፍቺ በኋላና ማታ አድርጎ ማስተካከል ይችላል።

አብሮ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ ያለበት ሰው ግን ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ሽንት አሸኚው ቀን ላይ ውሃ ሳይጠጡ ሲያሸና፣ ፕሪሉ ሲጨመርበት፣ ከሰጋጃ ብድግ ሲሉ ዐይን ሊያጨልም ይችላል።

ኮምቦልቻ ስወርድ ያዞረኛል። ከምንድን ነው?

ይህን የሚጠይቁኝ ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ግን አየሩ ሌላ ነው። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል። ላብ ጨውና ውሃ ይዞ ይወጣል። ኪኒኑም የደም ሥር አላልቷል። ሦስቱ ሲደመሩ በተለይ ከመቀመጫ ቶሎ ሲነሱ ማዞር ይመጣል። ውሃ ይጠጡ፣ ቀስ ብለው ይነሱ። መድኃኒቱን በጀመሩበት ሰሞን ከሆነ የመጀመሪያውን ኪኒን ማታ ሲተኙ መውሰድ ይሻላል። ማዞሩ ካልተወዎት ግፊትዎን እዚያው ሥራ ቦታዎ አካባቢ ያስለኩ። ቁጥሩን ጽፈው ለሐኪምዎ ያምጡ።

ተቅማጥ ቢይዘኝስ?

ቅድም ያልኩትን ያስታውሱ። ሰውነት ውሃ ሲያልቅበት የሚከላከለው በዚሁ በአንጂዮቴንሲን ሁለት ነው። እርስዎ ደግሞ አግደውታል። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ላይ ኪኒኑን እየዋጡ መቀጠል ግፊቱን ከልክ በታች ሊያወርደው፣ ኩላሊትንም በድንገት ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ ለጊዜው መቋረጥ ሊኖርበት ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ባለሙያ ያናግሩ። ኦአርኤስ ይጠጡ። ተቅማጡ ቆሞ መብላት መጠጣት ሲጀምሩ ኪኒኑ መቼ እንደሚመለስ አብረው ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ለሦስት ቀን ብሎ ያቆምና ለዓመት ይረሳዋል።

ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። ችግር አለው?

አለው። እንደ ከረሜላ ስለሚገዛ ሰው መድኃኒት አይመስለውም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ያጠባሉ። ፕሪሉ የሚወጣውን አላልቷል። ሽንት አሸኚ ከተጨመረ ፈሳሹም ቀንሷል። ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ማስታገሻዎቹ ግፊቱንም መልሰው ከፍ ያደርጉታል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ማስታገሻ የሚሸጥልዎትን ሰው ሁሉ «የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ» ይበሉት፤ ሳይጠይቅዎት ይንገሩት።

ማርገዝ እፈልጋለሁ። ልቀጥል?

ከማርገዝዎ በፊት ሐኪምዎን ያናግሩ። ሳያስቡት አርግዘው ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ። ፕሪሎች በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የእንሽርት ውሃውን ይቀንሳሉ፣ ጽንሱ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል። ሎሳርታንም ያው ነው። በእርግዝና የሚሰጡ ሌሎች አሉ፤ ሜቲልዶፓ፣ ኒፈዲፒን፣ ላቤታሎል። ግፊት ያለባት ሴት መውለድ አትችልም ማለት አይደለም። ኪኒኑ ይቀየራል እንጂ።

ከንፈሬ አብጧል። አለርጂ ነው?

ይህን እያነበቡ ከሆነ ማንበቡን ይተዉትና ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ይሂዱ። ከንፈር፣ ምላስ፣ ፊት ወይም ጉሮሮ በድንገት ሲያብጥ የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ጥቁሮች ላይ ግን ከነጮች ይልቅ ይበዛል። ለዓመታት በደህና ሲወስዱ ቆይተውም ሊመጣ ይችላል። መነሻው ያው ብራዲካይኒን ስለሆነ የተለመደው የአለርጂ ኪኒን ብዙ አይረዳም። ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ፕሪል በሕይወትዎ ዳግመኛ አይወስዱም። ካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ያስደርጉ።

ጫት፣ ቡና፣ ሽፈራውስ?

ጫት የደም ሥር ያጠባል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል። ኪኒኑ የሚያላላውን እሱ መልሶ ያጠብቀዋል። አንድ የማከብራቸው ደንበኛዬ ጫቱን ሳይተዉ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ደርሰው ነበር። ሲቀንሱ ወደ ሁለት ተመለሱ። ቡና ለለመደው ሰው መጠነኛው አያሳስብም፤ በጨው የሚጠጡት ከሆነ ግን ጨውን ይተዉት። ሽፈራው በምግብ መልክ ቢበሉት ክፉ አይደለም። በኪኒኑ ፈንታ ግን አይሆንም።

ስለ መለካትም እዚሁ ልጨምር። ዳገቱን ወጥተው እያለከለኩ ወዲያው ክንድዎን አይስጡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ቡናና ጫቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ይሁን። ስንቱ በዳገቱ ምክንያት መጠኑ ሊጨመርበት ነበር።

አንድ ቀን ብረሳው?

ባስታወሱ ሰዓት ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ የተረሳውን ይተዉት። ሁለት አይደርቡ።

ሎሳርታን ቤቴ አለ። ከኢናላፕሪሉ ጋር ደርቤ ብወስድ ይበልጥ አይወርድም?

አይደርቡ። ሁለቱ አንዱን መንገድ በሁለት ቦታ የሚዘጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ኦንታርጌት የተባለ ትልቅ ጥናት ይህን አይቶታል። ጥቅሙ አልጨመረም፣ የኩላሊት ጉዳትና የግፊት ከልክ በላይ መውረድ ግን ጨመረ። ሳል ስላስቸገረዎት ሎሳርታን ከታዘዘልዎ የቀረውን ኢናላፕሪል ወደ እኛ ይመልሱት፤ መሳቢያ ውስጥ ከሎሳርታኑ አጠገብ አያስቀምጡት።

እህቴም ግፊት አለባት፣ ኪኒን ጨርሳለች። ከእኔ ብሰጣትስ?

ደግነትዎ ይገባኛል። ወሎ ላይ ቡናም ቁራሽም ለብቻ አይቀመስም፤ መድኃኒትም እንዲሁ ይመስለናል። እህትዎ ግን አርግዛ ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊቷም ምን ላይ እንዳለ አያውቁም። ባዶውን ማሸጊያዋን ይዛ ትምጣ። የራሷ ማዘዣ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ አይቼ የሚገኝበትን እነግራታለሁ።